ከፈረሰኛው የተዛወረው ሹም

ዛሬ ኢቶቢኮ እህቴ ቤት ምሳ ላይ፣ ባሏ ለዓመታት የያዘውን የዶሮ ፈረሰኛ በሕንድ ታሪክ ተነጠቀ።

ነገሩን ያመጣችው ልጃቸው ሶስና ናት። ነገ የጥንቱንና የመካከለኛውን ዘመን የሕንድ አስተዳደርና ኢኮኖሚ የሚያነጻጽር ፈተና አለባት። እህቴ ወጡን እያወጣች «እስቲ ለእኛም ኤክስፕሌይን አድርጊልን» አለቻት።

«በጥንቱ ዘመን ንጉሡ ደመወዝተኛ ሹሞች ነበሩት። ከገበሬው ምርት ከስድስት አንድ እጅ ይወስዳል።»

አባቷ ሳህኑን ዘረጋ። «ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው። ስለዚህ ሁለት ይደርሰኛል፤ አንዱ ፈረሰኛው!»

«ቆይ ዳዲ! በመካከለኛው ዘመን፣ በሙጋል ነገሥታት ጊዜ፣ ሹሙ በደመወዝ ፋንታ የአንድ አካባቢ ግብር ይሰጠዋል። ግን ሥር እንዳይሰድ በየጊዜው ያዛውሩታል።»

እህቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። «ያዛውሩታል? ይኼ ሰውዬ እኮ ከተጋባን ጀምሮ ፈረሰኛው ላይ ነው!»

«ኧረ ሴትዮ፣ ባህላችን ነው!»

«ተዛውረሃል! እንካ ወንድሜ» ብላ ፈረሰኛውን እኔ ሳህን ላይ አኖረችው።

በጋዜጠኝነት ዘመኔ ሁሉ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ እጠይቅ ነበር። ዛሬ አልጠየቅሁም።

ሰውዬው ወደ ልጁ ዞረ። «አሁን ይኼ ሥርዓት ምንም ችግር የለበትም?»

«አለበት እንጂ። ቶሎ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሹም ያገኘውን ሁሉ በጥድፊያ ይግጣል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሳህኔ ላይ የቀረው አጥንቱ ብቻ ነበር።

እናንተስ ቤት ፈረሰኛው የማን ነው? የተዛወረባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ሶስና ለፈተናው ምሳሌ ትፈልጋለች።