የጋሼ ታደሰ «አዎ»

ባለፈው ሳምንት ለጁሪነት፣ ማለትም በችሎት ተቀምጠው ፍርድ ከሚሰጡት ተራ ሰዎች አንዱ እንድሆን፣ ተጠርቼ መሃል ከተማ ፍርድ ቤት ተቀምጬ ነበር። ዳኛዋ «መመሪያው ገብቶሃል?» ስትለኝ፣ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ መለስኩ። ደነገጠች። «ምነው፣ አመመህ?» አለችኝ። በእኛ ዘንድ «አዎ» ማለት እንደሆነ አስረዳኋትና ሳቄን ዋጥኩ። ጋሼ ታደሰ ትዝ ብለውኝ ነው።

ጋሼ ታደሰ፣ ፀጉሬ ሳይሸብት፣ የታክሲ ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ብስክሌተኛ ገጩና ቀይ መብራት ጥሰዋል ተብለው ተከሰሱ። እሳቸው «አረንጓዴ ነበር» ይላሉ። ከተፈረደባቸው መንጃ ፈቃዳቸው ይወሰዳል፤ ከታክሲ ሌላ ሥራ ደግሞ አያውቁም።

ጠበቃቸው ሰብለ እዚሁ አሜሪካ ያደገች ልጅ ነበረች። ከችሎቱ በፊት መለማመጃ ጁሪ ፊት ላቁማቸው ብላ፣ ጭጋግ በተጫነው አንድ የሰኔ ቀን ምግብ ቤት ሰበሰበችን። ሁላችንም ታክሲ ነጂዎች ነበርን። አንድ ሰው ስለጎደለን ሽሮ የሚወደውን አሜሪካዊ ፀጉር አስተካካይ ከጎን ሱቅ አመጣነው። እኔ አስተረጉምለታለሁ።

«ሶ፣ ጋሼ፣ ላይቱ ግሪን ነበር?» አለች ሰብለ።

ጋሼ ትንፋሻቸውን ሳቡ። እኛ ጥብሳችንን እየጎረስን በአንድ ድምፅ ነፃ አወጣናቸው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ አይደል! ፀጉር አስተካካዩ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ስትጠይቀው ለምን ደነገጠ? እኔ አላመንኩትም።»

ሳቅንበት። ሰብለ አልሳቀችም።

«እናንተማ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አምናችኋቸዋል። ለእኔ የሚጠቅመኝ ያላመናቸው እሱ ነው» አለችን።

ወዲያው ጋሼን ማሠልጠን ያዝን። ትንፋሻቸውን አፍነው፣ ዓይናቸው ፈጦ «የስ» ሲሉ የለየላቸው ሌባ መሰሉ።

«ኖ፣ ኖ፣ ይተዉት ጋሼ! እንደራስዎ ይሁኑ፤ እኔ ኤክስፕሌን አስደርግዎታለሁ» ብላ ገላገለቻቸው።

በችሎቱ ቀን ሰብለ መጀመሪያ የጠየቀቻቸው ስለዚሁ ነበር፤ ይህ ትንፋሽ ምንድን ነው? ጋሼ በአስተርጓሚ «አዎ ማለት ነዋ! በአገሬ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አሉ። ጁሪው ሳቀ። አንዲት አሮጊት እንዲያውም ራሷ ሞከረችው።

ከዚያ አቃቤ ሕጉ ተነሣ። ጋሼ እየነዱ ሳለ ስልካቸው ጠርቶ እንደነበር ያውቃል።

«ስልኩን አይተውታል?»

ታክሲው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ፤ መካድ ይችሉ ነበር። ጋሼ ትንፋሻቸውን ሳቡ። አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት ጁሪው ሁሉ ገባው። እኔ «አለቀልን» ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሰብለ ረጋ ብላ ተቀምጣለች። ተራዋ ሲደርስ ብዙ አላወራችም።

«ስልኩን ያዩት መብራት ይዞዎት ቆመው ሳለ ነው?»

ትንፋሽ።

«ሲነሡስ አረንጓዴ ነበር?»

ያው ትንፋሽ። አሮጊቷ ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅላቸው አየሁ።

ነፃ ወጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጁሪ ግን እስኪጠራ አይጠብቅም፤ ለዚህ ነው ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ የማደንቃት። ጋሼን ደግሞ ከእሷም አብልጬ አደንቃቸዋለሁ። በራሳቸው ላይ ያሏት «አዎ» ናት ሌላዋን፣ የአረንጓዴዋን፣ ያሳመነችላቸው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ዳኛዋ ተመልሳ ወደ እኔ ዞረች። ጁሪ ሆኜ ለመቀመጥ በጣም ጓጉቼ ነበር።

«ተከሳሹ ታክሲ ነጂ ነው። ለእሱ ታደላለህ?»

ልቤን የሚያይ ማንም አልነበረም። ትንፋሼን ሳብኩ። አሁን አልደነገጠችም፤ አመስግና ወደ ቤቴ ሰደደችኝ።