ለግምገማ የተዘጋው ምዝገባ

ጳጉሜን 2፣ ደሴ መናኸሪያ፣ ንጋት

የክረምቱ እረፍት አለቀ፤ ወደማስተምርበት ወደ መካነ ሰላም እየተመለስኩ ነው። አውቶቡሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ከጎኔ የተቀመጡት ሼህ ይማም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ማተብ ያሰርነውም ጭምር «አሚን!» አልን። ሼሁ ቁርኣን አስተማሪ ናቸው። ደሴ አክስቷ ዘንድ የከረመችውን ልጃቸውን ሐዋን ይዘዋል፤ በአዲሱ ዓመት ዘጠነኛ ትገባለች።

«ምዝገባው ዛሬ ያበቃል መሰል፣ መምህር?»

«አዎ፣ ዛሬ ነው።»

«ወንድሞቼ በጥቅምት ሊድሯት ቆርጠዋል። እኔ እምቢ አልኩ። ከትምህርት ቤት ከቀረች ግን ምን ብዬ እከራከራለሁ?»

ጉጉፍቱ፣ ረፋድ

ጭጋግ፣ ገብስ፣ ጭቃ። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጎማው ሰጠመና ወርደን ገፋን። ይህ መንገድ በየስብሰባው «ይሠራል» እየተባለ እኔ ሸበትኩ። ሐዋ ለትምህርት የተገዛላትን አዲስ ጫማ አውልቃ በፌስታል ቋጠረችና ከወንዶቹ እኩል ገፋች።

አቃስታ፣ ምሳ

ተሳፋሪው ሁሉ በልቶ መቀመጫው ላይ ነው። የፊት ወንበር ላይ ቦርሳውን የተወ አንድ ሹም ግን ሁለተኛ ጥብስ አዟል።

«ምነው አትነዳም?» አልኩት ሾፌሩን።

«ጥዬው ልሂድና መንጃ ፈቃዴን ይንጠቀኝ?»

ሼሁ ክንዴን ያዙ። «ሰብር ያድርጉ፣ መምህር።» እኔ የሳቸው ትዕግሥት የለኝም፤ ተቃጠልኩ። ሹሙ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣና ይቅርታም ሳይል ተቀመጠ።

መካነ ሰላም፣ ከሰዓት በኋላ

ከአውቶቡስ እንደወረድን ሹሙን መኪና ተቀብሎት ሄደ፤ እኛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥን። የመዝጋቢው ቢሮ ተቆልፏል።

«ግምገማ ላይ ናቸው» አለ ዘበኛው። «አንተንም ሲፈልጉህ ነበር።»

«ምዝገባው ተራዘመ ማለት ነው?»

«ኧረ የለም፣ ዛሬ ያበቃል።»

ሐዋ አባቷን አየች። ሼሁ መሬት መሬቱን ያያሉ። ደሜ ፈላ፤ ልጅቷን እጇን ይዤ አዳራሹ ገባሁ። መድረኩን የሚመራው ያ የጥብሱ ሹም ነው! ሕዝብን በቅንነት ስለማገልገል ያወራል። በግምገማ ሕግ ሂስ ያለው እጁን ያወጣል፤ አወጣሁ።

«አርፍደህ መጥተህ ደግሞ ሂስ?»

«አብረን ነው ያረፈድነው። ጥብስዎን ስንጠብቅ።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔም ሐዋን ወደ ፊት አደረግኳት። እሷም ተናገረች።

«ልመዘገብ መጣሁ። ቢሮው ዝግ ነው። የሚመዘግቡት እዚህ ናቸው አሉኝ።»

«ተማሪ ሂስ አታቀርብም!» አለ ሹሙ።

መዝጋቢው ግን አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ከሁላችን ፊት ግለሂስ ከማድረግ መመዝገብ ይቀለዋል። መዝግቧት ሲጨርስ ሼሁ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እንባቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

ቢሮውን መልሶ ሲቆልፍ ሊመዘገቡ ከወግዲ በእግራቸው የመጡ ሁለት ሴት ልጆች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ደረሱ።

«ስብሰባ ላይ ነኝ» አላቸውና ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

እኔ ለመቆጣት አፌን ስከፍት ሐዋ ቀደመችኝ። የሁለቱንም እጅ ይዛ ወደ አዳራሹ አመራች።

«ኑ» አለቻቸው፤ «እዚህ አገር የሚመዘገበው ሂስ ያለው ነው።»