የማይካፈለው ቁጥራችን

ዝናብ የነካው የጠመኔ ሽታ የትም ቢያገኘኝ ወሰን ሰፈር የነበረውን ግቢያችንን ያመጣብኛል፤ አባዬ ከሥራ ዝሎ ገብቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በቆርቆሮው አጥር ላይ ሲያካፍል ይታየኛል። የሚያካፍለው ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ነበር፤ የመብራት ቆጣሪያችንን ቁጥር፣ አንድ ሚሊዮን ሃያ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባትን።

አባዬ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ከእንጦጦ ሥር የነበረው የአያቴ እርሻ ለስድስት ወንድማማቾች ሲካፈል ለእሱ የደረሰችው ያቺው ጠባብ ግቢ ነበረች፤ ከወንድሞቹም ጋር በዚያው ተኳርፈው ቀሩ። «እስቲ አንድ እንኳ የማይካፈል ነገር ይኑረኝ» ይል ነበር። ምኞቱ ያ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም ያለ ቀሪ የማይካፈል ሆኖ እንዲገኝለት ነበር።

በጋውን አጥሩ ላይ እያካፈለ ይከርም ነበር፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ ጠመኔ አቀብለው ነበር። ለሦስት እንደማይካፈል አሃዞቹን ደምረን፣ አሥራ አራት ሲመጣ ወዲያው አወቅን። ለሰባት ሲያካፍለው አምስት ተረፈ፣ ለአሥራ ሦስትም አምስት፤ ቀሪ በወጣ ቁጥር ፊቱ ይፈታ ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ አጥሩን ያጥብበትና ወደ በሩ ጀርባ ይዛወር ነበር። ያኔ እማዬ ጠመኔ የነካ ነጠላዋን እያራገፈች፣ «ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ አንተ ቁጥር ታሳድጋለህ!» ትለው ነበር። ኤዲያ፣ ማን ሰምቷት!

ክረምቱ ወጥቶ፣ በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ለሺህ እስከማካፈል ደረሰ። «አለቀ! ሺህ በሺህ ሲባዛ ሚሊዮን ነው፤ ከሺህ በታች አካፋይ ካልተገኘ ከዚያ በላይ አይገኝም» ብሎ እጁን አራገፈ። ቁጥሩ ሚሊዮንን ትንሽ እንደሚያልፍ፣ እሱም ሺህን ትንሽ ማለፍ እንደነበረበት አላሰበም፤ ደክሞት ነበር። ያን ዕለት ከልቡ ሳቀ፣ ቁጥሩንም በቀለም በሩ ላይ ጻፈው።

ግቢያችን ከፈረሰ ቆየ። አሁን ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ እማዬም የለችም። ባለፈው ሰሞን መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ እግሬ ዝሎ፣ ያን ቁጥር አካፋይ እንዲፈልግለት ስልኬ ላይ ጻፍኩት፤ ሰልፉ ገና ሳይነቃነቅ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ ሲባዛ በአንድ ሺህ አሥራ ሦስት ነው አለኝ። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ግን ቤት ስደርስ ገና ያልተኛው አባዬ ፊቴን አይቶ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ አላስቻለኝም፣ ነገርኩት።

ስልኬን ተቀብሎ አየና፣ «ለሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው የሚካፈለው?» አለኝ።

«ለሁለት ብቻ። እነሱ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አይካፈሉም።»

«ተመስገን» አለ። «የአባቴ መሬት ለስድስት ነው የተካፈለው።»

ያኔ ለአንድ መልስ በጋና ክረምት ይፈጅብን ነበር፣ ግን አጥሩ ሥር አብረን ነበር የምንቆመው። ዛሬ መልሱ በቅጽበት ይመጣል፤ እኔ ግን አብዛኛውን ቀን ቤት የምደርሰው አባዬ ከተኛ በኋላ ነው።