ቃል የማይበላ ሳጥን

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሠርግ ደግሶ አሕመዲንን የማያውቅ የለም። መንዙማ የሚያስመነዝመውም፣ የእስጢፋኖስን ንግሥ የሚያከብረውም ያውቀዋል። ሥራው የድምፅ ማጉያ ሳጥን ነው። ከአሮጌ ቴፕና ራዲዮ ስፒከር ይፈታል፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ብቻውን የሚያወጣውን ዓይነት ይመርጥና በልኩ ሳጥን ይሠራለታል። ደንበኛው "ቤት የሚያነቃንቅ አድርግልኝ" ካለው ይናደዳል። "ቤት ለማነቃነቅ ዶዘር ተከራይ" ብሎ ይሸኘዋል። እሱ የሚፈልገው፣ አምባሰል የሚያንጎራጉረው ሰው ትንፋሽ ሲስብ እንዲሰማ ነው።

ለዚህ ሲል ሰው ያሰለቻል። ኮምፔንሳቶውን በጣቱ እያንኳኳ ነው የሚገዛው። ጎኑ እንዳይንቀጠቀጥ ውስጡን በእንጨት ይወጥራል፣ ስንጥቁን በኮላና በሰጋቱራ ይደፍናል። ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ጥጥም ይጨምርበታል፤ ከበዛ ድምፁ ይታፈናል፣ ካነሰ እንደ ባዶ ጋን ያስተጋባል። የአየር ማስወጫውን ቱቦ ደግሞ አንድ ጊዜ ያሳጥራል፣ አንድ ጊዜ ይለውጣል፤ ሠርገኛው በር ላይ ቆሞ ይለምነዋል።

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ሥራው ደራ። ሰልፍ፣ ስብሰባ፣ ምርቃት፤ አገሩ ሁሉ የሚናገረው ነገር ነበረው፣ ሁሉም ሳጥን ፈለገ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ያ ሁሉ ተናጋሪ አንድ ቃል ብቻ ቀረው። ዝመት!

ቀበሌው ጥሪውን የሚያሰማው በቆርቆሮ ጡሩምባ ነበር። ጡሩምባው ይጮሃል እንጂ የሚለው አይለይም። አሕመዲን በሰማው ቁጥር ጥርሱን ያፋጭ ነበር። የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው። አንድያ ልጁ ኡበይድ ባጃጅ ይነዳል፤ ጓደኞቹ እየተመዘገቡ ነው፤ እሱም ከመመዝገቢያው ደጅ አልጠፋ ብሏል። አባት ዘዴ ዘየደ። ምርጡን ሳጥን ተሸክሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሄደ።

"ይሄን በልጄ ባጃጅ ላይ እንጫነው፣ እየዞረ ያሰማላችሁ" አለ። "ቀስቃሽ ሁኖ የሚሠራ ከከተማ አይወጣም፣ አይደል?"

"እሱማ ከዚሁ ነው" አለ ሊቀመንበሩ።

አሕመዲን ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። የሰው ልጅ ይሂድ፣ የኔ ይቅር ብሎ በአፉ አልተናገረም። በእጁ ግን ብሎታል፤ ምን ይደበቃል!

ኡበይድ ሳጥኑን ከጀርባው ጭኖ ከሐይቁ ዳር እስከ አርዲቦ መንገድ ጥሪውን እያሰማ ዞረ። ሰው ከየቤቱ እየወጣ አዳመጠ። ሳምንት ሳይሞላው የባጃጁን ቁልፍ አምጥቶ አባቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

"አባ፣ ወላሂ የሰው ፊት ማየት አቃተኝ። ጠራኋቸው፣ ሄዱ። እኔ ጠሪው በእናቶቻቸው ደጃፍ እየዞርሁ ልኑር?"

"አንተ የታዘዝኸውን ነው የሠራኸው!"

"ያዘዝኸኝ አንተ ነህ፣ አባ።"

ኡበይድ በማግስቱ ዘመተ። ከተማዋ ተያዘች፣ ሕዝቡ ተሰደደ፣ ቆይቶም ተመለሰ። ኡበይድ ግን አልተመለሰም፤ መርዶው መጣ።

በዚያው ሳምንት የጎረቤቱ የወይዘሮ ተሻለች ልጅ የሙሉአለምም መርዶ መጥቶ ነበር። የራሷን ለቅሶ ተቀምጣ ስታበቃ እሱን ልታስተዛዝን መጣች። ለቀስተኛው እስኪወጣ ጠብቃ ተናገረች።

"ሳጥንህ ሸጋ ነበር። ያ ጡሩምባ ሲጮህ ሙሉአለም ይስቅ ነበር፤ 'የሚሉትን እነሱም አያውቁት' ይለኝ ነበር። ያንተን ግን አንዲት ቃል ሳታመልጠው ሰማው። ምሳውን ትቶ ነው ሊመዘገብ የተነሣ።"

አሕመዲን እርግማን ጠበቀ። ብትረግመው በወደደ፤ እሷ ግን አልረገመችውም። ሲጨንቀው ራሱ አወጣው።

"ተሻለች፣ ኡበይድ እንዲቀርልኝ ብየ ነው ሳጥኑን የሰጠሁት።"

"አውቀዋለሁ። ሰፈሩም ያውቀዋል" አለች። "እኔስ ብሆን? የምሰጠው አጥቼ ነው እንጂ አደርገው ነበር።"

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና "እግዜር ያጥናህ" ብላው ወጣች።