የአባቴ ቦርሳ ዘለበት

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ የተነሳሁት የወታደር ቦርሳ ለማምጣት ነው። ሥራዬ ቦርሳ መስፋት ነው። ለወታደሮች የሚሆን የጀርባ ቦርሳ ናሙና ሰኞ እንዳቀርብ ተጠይቄ፣ አባቴ በወጣትነቱ በተነሳው ፎቶ ላይ ያነገተውን አስመስዬ ነደፍኩ፤ ወፍራም ሸራ፣ የቆዳ ማሰሪያ፣ ሁለት የነሐስ ዘለበት። ሥዕሉን ሳሳየው አባቴ "ያምራል" ብቻ አለ። ቆየት ብሎ "ሲያልቅ ቡታጅራ ወስደሽ ለሱሩር አሳዪው" አለኝ። ጋሽ ሱሩር የጦር ሜዳ ጓደኛው ናቸው።

ወልቂጤ

በሰፋሁት ሸራ ላይ ማሰሪያውንና ዘለበቱን የገጠመልኝ የቆዳ ሠራተኛ ሱቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። የቦርሳውን ዘለበት በጨርቅ ወልውሎ ሲሰጠኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቴን ነፋሁ። "ለወታደር ከምትሰጪው ለእኔ ሽጪልኝ" ብሎ ቀለደ። ማታ ጎመን ክትፎ በቆጮ በልቼ እዚያው አደርኩ።

እሑድ ማለዳ ሚኒባሱ ጉብሬን አልፎ ዳገቱን ያዘ። በግራም በቀኝም እንሰት ነው፣ ከላይ ጭጋግ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቦርሳውን ዳሰስ አድርገው "የሰርግ ነው?" አሉኝ። ሳቅሁ፤ ለወታደር አሳመርኩት ይሆን እንዴ ብዬ ግን ቦርሳውን ደግሜ አየሁት።

ቡታጅራ

ጋሽ ሱሩር የሚኖሩት የበርበሬ ነጋዴዎችን ሸራና ጆንያ እየጠገኑ ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ቦርሳውን አገላብጠው አዩና ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ነከሩት።

"ኧረ ጋሼ! የነገ ናሙናዬን!"

"ዝናብ ናሙና ነው ብሎ የሚምርሽ መሰለሽ? በይ፣ ቀኝ እጅሽ ተመቷል እንበል። በግራሽ ክፈቺው።"

ቆዳው ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ታገልኩ። ጥፍሬ ተሰበረ።

"አበቃ፣ ሞትሽ" አሉ። አልሳቁም። "አባትሽ ክንዱን የተመታ ቀን ፋሻው እንዲህ ያለ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ዘለበቱ እምቢ አለኝ። ማሰሪያውን በጩቤ እስክቆርጠው ስንት ደም ፈሰሰ! ፈጠን ብል ኖሮ እጁ ዛሬ ይሠራ ነበር።"

የአባቴ ቀኝ እጅ እንደማይታዘዝ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ግን ነግሮኝ አያውቅም። ለካ እዚህ የላከኝ እሱ ራሱ ሊነግረኝ ስላልቻለ ነው። አፈርኩ፤ አለቀስኩም።

ጋሽ ሱሩር አንድ የበርበሬ ጆንያ ጎተት አደረጉ። አፉ በቃጫ ቀለበት ውስጥ ባለፈ አጭር እንጨት ተቆልፏል፤ እንጨቱን ሲስቡት ወዲያው ተከፈተ። "ገዢ ሚዛን አጠገብ ቆሞ እየጠበቀ ማን ቋጠሮ ይፈታል?" አሉ። "ሸራውን ግን አትንኪው። ወታደርም ማማር ይወዳል።"

ዘለበቶቹን ቆርጠን ጣልን፤ በምትካቸው ከሸራ ጥብጣብ ቀለበት ሰፍተን እንጨት አደረግንበት። ደግመን ነከርነው። በግራ እጄ አንዴ ስቤ ከፈትኩት።

ቤት

በቡኢ በኩል ተመልሼ ከሰዓት በኋላ ቤት ገባሁ። አባቴ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ በግራ እጁ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ፎቶውን ከመቅዳቴ በፊት ያነገተውን ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ከጉዞው የተማርኩት ይኸው ነው።

"ሱሩር አሁንም ራሱን ይወቅሳል?" አለኝ።

"ፈጠን ብል ኖሮ እጁ ይሠራ ነበር ይላሉ።"

"ደውዪለት።"

ገና ጋሽ ሱሩር ስልኩን ሲያነሱ አባቴ ነጠቀኝ።

"አንተ ሱሩር! የምን እጅ ነው የምታወራው? ያን ቀን ማሰሪያውን ቆርጠህ ባታስርልኝ ኖሮ እኔም ሞቼ ይቺም ልጅ አትወለድም ነበር እኮ!"