የቃሬዛ ተራዬ

በሽታዬን ያወቅሁት ቃሬዛ ተሸክሜ ነው። እኛ በገነተ ማርያም በኩል ያለን ሰዎች፣ በሽተኛ ወደ ላሊበላ የምናደርሰው በትከሻችን፣ በየተራ እየተቀባበልን ነው። ያን ቀን ምጥ የጠናባት ጎረቤታችን ነበረች። ዳገቱ ላይ ተራዬ ደረሰ። ገባሁ። ትንፋሼ አጠረኝ። ቃሬዛው ተንጋደደ፤ ሴትዮዋ ጮኸች።

"ውጣ ልጄ፣ ሌላ ይግባ" አሉኝ የቅሬያችን፣ የእድራችን ማለቴ ነው፣ ዳኛ አያ መኮንን።

ወይ ውርደት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሳሉን "ብርድ ነው" እያልሁ በፌጦ ስደልለው ኖሬአለሁ። ሲጋራውን ማን ጠርጥሮት? እኔ ቱሪስት በበቅሎ የማወጣ ሰው ነኝ፤ አቀበቱ ሲያልቅ እንግዳው ያቀብለኛል፣ አብረን እናጨሳለን።

ላሊበላ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ፣ ራጅ አስነሣኝ። "ክሮኒክ ብሮንካይተስ ነው፤ ሥር የሰደደ የሳንባ ቧንቧ ሕመም። የተጎዳው እንደ ድሮው አይሆንም፤ የቀረውን ማትረፍ ግን በእጅህ ነው። ሲጋራውን ካልተውህ በሚቀጥለው ቃሬዛ የምትጫነው አንተ ነህ።"

ተውሁ። ክፉ ሰሞን ነበር። እንቅልፍ የለም። እጄ ባዶ ኪሴን ይዳብሳል። ሳሉ ጭራሽ ባሰ። መተዉ ሊገድለኝ ነው ብዬ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስሁ፤ መርምሮኝ ሳቀ። "ሳንባህ ራሱን እየጠረገ ነው፤ ታገሥ።"

ባለቤቴ ብርቄ "አንተስ ትተርፋለህ፣ በአመልህ የምታልቀው እኔ ነኝ" ትለኝ ነበር፤ ግን እንግዳ ሲጋራ ሲዘረጋልኝ የምቆረጥመውን ቆሎ ኪሴ ውስጥ የምትጨምርልኝም እሷው ነበረች።

ክረምቱ ሲወጣ ሳሉ እየሳሳ፣ እንቅልፌ እየተመለሰ ሄደ፤ የብርቄ ሽሮ ገና ከደጅ ይሸተኝ ጀመር፤ የበቅሎዬን ጭራ ይዤ እየተጎተትሁ እወጣ በነበረበት የአሸተን ማርያም አቀበት ላይ፣ ልጓሟን ይዤ ከፊት መራኋት።

ሐኪሙንም ብርቄንም እግዜር ይስጥልኝ። እንደኔ ለምትስሉ፦ ብርድ ነው አትበሉ፣ ተመርመሩ። ስትተዉት ሳሉ ቢብስ ሐኪም ጠይቁ እንጂ ወደ ሲጋራው አትመለሱ። ትቼ ምን አገኛለሁ ለሚል ደግሞ ይህን ልንገረው።

በመከር አያ መኮንን ታመሙ። ቃሬዛውን ከፊት ያዝሁ። ያችው ዳገት ላይ ሌሎቹ ተሸካሚዎች "ተቀየር" ቢሉኝ እምቢ አልሁ።

"ከፊት የያዘኝ ማነው?" አሉ ሽማግሌው ከጋቢያቸው ውስጥ።

"እኔ ነኝ፣ አያ።"

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"በል እንግዲያስ ልተኛ።"