ለጋሽ ለገሠ ያልጠየቅኩላቸው ፈቃድ

ንስሐ በየዓመቱ እገባለሁ። ስካሩን፣ ሐሜቱን፣ ረቡዕ ቀን ሥጋ መብላቴን ሳይቀር ለነፍስ አባቴ ዘርዝሬያለሁ። ይህችን አንዷን ግን እየዘለልኳት ነው የመጣሁት። ለባለቤቴም አልነገርኳት። ረስቼ አይደለም፤ ማፈሬም ብቻ አይደለም። ነፍስ አባቴ ሃምሳ ስግደት ሰጥተው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው እንዲሸኙኝ ስላልፈለግኩ ነው። በሃምሳ ስግደት የምትወርድ ነገር አይደለችማ! ለእናንተ የምናገረው መፍታት ስለማትችሉ ነው። ስሙና ያሻችሁን ፍረዱ።

ያደረግኩት ይህ ነው፦ አንድ ሽማግሌ አምነው የሰጡኝን የአደን ማመልከቻ፣ ፈቃዱ እንዳይወጣላቸው አድርጌ ሞላሁት። ተሳስቼ አይደለም። ጣቴም አላዳለጠኝም። አውቄ ነው።

አሁን ከመጀመሪያው ልጀምር።

በፈረንጆቹ 2020 በኮሮና ምክንያት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሁሉም ነገር ሲዘጋ እኛ መጋዘን የምንሠራው አልተዘጋንም። እኔ ከሂልቶፕ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ ዴል የሚባል አሜሪካዊ በዚያው ዓመት ሚዳቋ አደን ወሰደኝ። ሌላውን ቁማር እንደሚይዘው እኔን አደን ያዘኝ። ከዚያ ዴል ስለ ምዕራብ ስቴቶች ነገረኝ። እዚያ ትልልቁን አውሬ ለፈለገ ሁሉ አይፈቅዱም። ማመልከት ያስፈልጋል። አንድ እንስሳ የሚያስገድለውን ፈቃድ "ታግ" ይሉታል፤ ታግ ያላገኘ ሰው ለዚያ ዓመት ፖይንት ይያዝለታል፤ ፖይንት ያጠራቀመ ይቀድማል። ኒው ሜክሲኮ ግን ፖይንት አያውቅም፣ ዕጣ ብቻ ነው። ዋዮሚንግ ሌላ ሕግ፣ አሪዞና ሌላ፣ ኮሎራዶ ሌላ። የሁሉም የማመልከቻ ቀን ለየብቻ ነው፤ አንዱ ቀን ካመለጠ ዓመቱ አለፈ።

ይህን ሁሉ በኤክሴል ሠራሁት። ሌላ ሰው ቤት ሲሠራ እኔ ሰንጠረዥ እሠራ ነበር።

ጋሽ ለገሠን ያገኘኋቸው በዚያው ሰሞን ነው። ልጃቸው ሜሮን ዲቪ ደርሷት መጥታ፣ ዜግነት ስታገኝ ነው ያስመጣቻቸው። ፖላሪስ ሰፈር አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጽዳት ይሠራሉ። ሜሮን ዎርዝንግተን በሚባል ሰፈር አዛውንት ስለምትንከባከብ ሰዓቱ አልገጥም አላትና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ "ዮኒ፣ በዚያ በኩል የምታልፍ ከሆነ ዳዲን ራይድ ስጥልኝ" አለችኝ። እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን ሃይዌይ ላይ እየነዳሁ ድንገት በእጃቸው ወደ ቀኝ ጠቆሙ።

"ሦስት ናቸው" አሉ። "የኋለኛዋ እግሯን ታማለች።"

እኔ ከዛፍ በቀር ምንም አላየሁም። ፍጥነቴን ስቀንስ ሦስት ሚዳቋዎች ከጫካው ጠርዝ ወጡ። የኋለኛዋ ታነክስ ነበር።

"ጋሼ፣ ምን ሠርተው ነው የኖሩት?" አልኳቸው።

ባሌ ተራራ ላይ የአደን መሪ ነበሩ። ከውጭ የሚመጡትን አዳኞች እየመሩ የደጋ አጋዘን ያስገድሉ ነበር። ዱካውን የሚያነቡት እሳቸው፣ ጠመንጃውን የሚሸከሙት እሳቸው፣ አውሬውን አግኝተው ፈረንጁን የሚያስተኩሱት እሳቸው።

"እርስዎስ ስንት ገደሉ?"

"እኔ?" ሳቁ። "እኔማ አንድም። ሃያ ስድስት ዓመት አገኘሁ እንጂ አልገደልኩም። ገዳይ ሌላ፣ አግኚ ሌላ።"

ይህን ያሉት ሳያዝኑ ነው። እኔ ግን ከአፌ ወጣ፦ "እዚህ አገር እኮ ይችላሉ ጋሼ። ማመልከት ነው። እኔ እሞላልዎታለሁ።"

ዞር ብለው አዩኝ። "ለኔ? በስሜ?"

"በስምዎ።"

ተስፋውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ልብ በሉ፣ አልለመኑኝም። ያልነበራቸውን ምኞት እኔው ሰጥቼ እኔው ቀማኋቸው።

ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ ሜሮን ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፔን ዘርግተን ተቀመጥን። የኦሃዮን የአዳኞች ኮርስ አብረን ጨረስን፤ እኔ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው አስተማሪውን እያረሙ። "ይሄ ሰውዬ በነፋስ አቅጣጫ ተሳስቷል" ይሉኛል፤ እውነትም ተሳስቶ ይሆናል። ተኩስ መለማመጃ ስንሄድ ከኔ የተሻለ ይመቱ ነበር። በየማመልከቻው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው "የኔ ስም ገባ?" ይላሉ። ኒው ሜክሲኮ ሁለቴ ሞከርን፤ ሁለቴም አልወጣልንም። ኮሎራዶ ላይ ግን ሁለት ዓመት እኩል ፖይንት አጠራቀምን። ለ2023 አንድ ጥሩ ቦታ መረጥኩ፤ ያለን ፖይንት እንደሚያስገባን ሰንጠረዤ ይናገራል። የሚታደነው ኤልክ ነው፤ በሬ የሚያክል አውሬ፣ ቀንዱ ዛፍ የሚመስል። የአደኑ ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ነው።

አሁን ትንሿን ነገር ልንገራችሁ፤ ሁሉም ከሷ ነው የመጣው።

የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል አንድ እሑድ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ኤልክ ማግኘት ከባድ እንደሆነ እያወራን "የመጀመሪያው የእርስዎ ነው ጋሼ" አልኳቸው። ለወጉ ነው ያልኩት። ሽማግሌ ይቀድማል፤ እንዲህ ይባላል። እሳቸው ደግሞ "ኧረ በፍጹም፣ አንተ ቅደም" ይላሉ፤ እንዲህም ይባላል። እኔም ትንሽ ታግዬ እሺ እላለሁ።

"እሺ ልጄ" አሉ። "እግዜር ይስጥልኝ።"

በቃ። ያለ አንድ ክርክር ተቀበሉኝ። ፊቴ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ውስጤ ግን እንደ እሬት መረረ። ሁለት ዓመት ሰንጠረዥ የሠራሁት እኔ፣ ቀኑን የጠበቅኩት እኔ፣ እንግሊዝኛውን ያነበብኩት እኔ! እሳቸው ምን አደረጉ? ተቀምጠው "ስሜ ገባ?" አሉ። እንዲህ አሰብኩ። አሁን ሳስበው እሳቸው የተቀበሉት ከልብ የተሰጠ መስሏቸው ነው። የኔ ቃል ባዶ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

የኮሎራዶ ማመልከቻ የሚዘጋበት ሳምንት ከሥራ ልወስዳቸው ፖላሪስ መኪና ማቆሚያው ውስጥ እየጠበቅኳቸው ነበር። ፀሐይ ነበር። ስልኬን አወጣሁ። መጀመሪያ የኔን ሞላሁ፤ ቦታው፣ ጊዜው፣ ኤልክ። ላክሁ። ከዚያ የሳቸውን አካውንት ከፈትኩ፤ የይለፍ ቃሉን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ማመልከቻው ላይ "ፖይንት ኦንሊ" የሚል ምርጫ አለ። ዘንድሮ ታግ አልፈልግም፣ ፖይንት ብቻ ያዙልኝ ማለት ነው። እሱን ነካሁት። "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ማሽን እንኳ ጠየቀኝ! አዎ አልኩ።

ለምን? እውነቱን ልናገር። ቀዳሚው ተኩስ የኔ እንዲሆን ብቻ አልነበረም። ታግ ከሌላቸው መሪ ሆነው አብረውኝ እንደሚመጡ አውቅ ነበር። ያንን ዓይን ፈለግኩት። አውሬውን የሚያገኝልኝ ሰው ፈለግኩ እንጂ ከአጠገቤ የሚተኩስ አልፈለግኩም። ሃያ ስድስት ዓመት ሌሎች ያደረጓቸውን እኔም አደረግኳቸው። እነዚያ ግን እንዳገሩ ደንብ በግልጽ ነው ያደረጉት፤ እኔ ሰርቄ ነው።

የመኪናውን በር ከፍተው ገቡ። የጽዳት ፈሳሽ ይሸታሉ።

"ገባ?" አሉኝ።

"ገባ ጋሼ።"

"የሁለታችንም?"

"የሁለታችንም።"

ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ነዳሁ።

ውጤቱ ሲመጣ የኔ ወጥቷል። የሳቸው እንዳልወጣ እየነዳሁ ነገርኳቸው። ዓይኔን ከመንገዱ ላይ አላነሣሁም፤ "ዕጣ ነው እንግዲህ" አልኩ። ከዚያ "እንኳን ከሁለታችን ለአንዱ ወጣ" አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ "ታዲያ ማን ይመራሃል?"

"እርስዎ አሉ አይደል እንዴ!"

ይህችን መልስ ከዚያች ቀን ጀምሮ አዘጋጅቼ ነው የጠበቅኩት።

ጥቅምት ላይ ኮሎራዶ ሄድን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ ጋሽ ለገሠ ከፊቴ እየሄዱ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አቆሙኝ። ጎንበስ ብለው ፋንድያውን በጣታቸው ነኩ፤ ሙቅ ነው። ነፋሱን አሸተቱ። ከገደሉ ሥር አዙረው፣ በደረቴ አስተኝተው፣ ጠመንጃዬን ድንጋይ ላይ አስደገፉልኝ። ጆሮዬ ሥር "ትንፋሽህን አውጣ፤ አሁን ጠብቅ፤ ይዞራል" አሉኝ። ዞረ። ተኮስኩ።

ከኔ ቀድመው ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው በስመ አብ ብለው በቢላዋ ባረኩት። እኔ እያለከለክሁ ስደርስ ተነሡ፣ ቢላዋውን በሣሩ ጠረጉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁና ቀጥ ብለው ቆመው፦

"ኮንግራጁሌሽን ሰር" አሉኝ።

ወዲያው ራሳቸው ደነገጡ። ሳቁ። "ኧረ ይቅር በለኝ ልጄ፤ አፌ ለምዶ ነው።"

ይቅር በለኝ አሉኝ። እኔን!

ያኔ እግራቸው ላይ ወደቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ተናዘዝኩ እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አላደረግኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። ቀንዱን ይዤ ተቀመጥኩና ስልኬን ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ፎቶ አነሡኝ። ዛሬም ያን ጠዋት ሳስበው ደስታው ይመጣል። ጸጸቱ ከኋላ ነው የሚደርሰው። ይህንን ደብቄ ብናዘዝ ኑዛዜው ራሱ ሌላ ውሸት ይሆናል።

ታኅሣሥ ላይ ሜሮን ኮል አደረገችኝ። ዶክተር የአባቷን ዓይን አይቶ ግላኮማ ነው ብሎ ነበር። ቀኙ ሄዷል፤ ግራውም እየሄደ ነው። ጠመንጃ ከእንግዲህ የለም ተብሏል።

"ዮኒ፣ የዳዲን አካውንት ከፍቼ ነበር" አለችኝ። "ኢሜይል እየመጣ 'ምን ይላል? አንብቢልኝ' ሲለኝ አላስችል አለኝ፤ ልዘጋው ብዬ ነው። ግን የዘንድሮው አፕሊኬሽን ፖይንት ኦንሊ ነው የሚለው። ዕጣው ውስጥ እኮ አልገባም!"

"እንዴ?" አልኩ። "ሚስቴክ አድርጌ ይሆናላ።"

"ሚስቴክ? አንተ?"

ከኋላዋ የጋሽ ለገሠ ድምፅ ተሰማኝ። "ተይው! ተይው ልጄን! ማን ነው እስከ ኮሎራዶ የወሰደኝ? ያን አገር በዓይኔ ያሳየኝ እሱ አይደል?"

"ኦኬ፣ ሶሪ ዮኒ" አለች ሜሮን። እሷም ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ታዲያ ምን ትላላችሁ? "አንድ ታግ ነው እኮ፤ የወጣትነት ስህተት ነው"? ወጣት አልነበርኩም፤ አርባ ዓመቴ ነው። "ዓይናቸው እንደሚጠፋ በምን ታውቃለህ"? አላወቅኩም፤ ባውቅስ ኖሮ እተወው ነበር? እተወው ነበር ብዬ ብምል እዋሻለሁ። ማናችሁም አታቅልሉልኝ። ማክበዱንም ለኔ ተዉት፤ ክብደቷን አውቃታለሁ።

የፊታችን እሑድ ቤታቸው እሄዳለሁ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ ፖላሪስ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ምን እንደነካሁና ለምን እንደነካሁ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ ሜሮንም እንድትሰማ። ቢሰድቡኝ እሰማለሁ። ሁለተኛ ደጄን አትርገጥ ቢሉኝ አልረግጥም። "ይቅር ይበሉኝ" የምትለዋን ግን ከአፌ አላወጣም። ምክንያቱም አውቃቸዋለሁ፤ ሳልጨርስ ይሰጡኛል። ጉልበቴን መታ መታ አድርገው "ተወው ልጄ" ይሉኛል። እንዲህ ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ ተነሥቼ እወጣለሁ። የሳቸው የሆነውን አንድ ጠዋት ወስጄባቸዋለሁ፤ ምሕረታቸውን ደግሞ አልጨምርበትም።